ሠራተኛን ወገቡን ሲይዘው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምን ይወስናሉ?

ዕቃ ሊያነሳ ጎንበስ ያለ ሠራተኛ ወገቡን ያዘው እንበል። ቀና ማለት አቃተው። ቀጥሎ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥርሱን ነክሶ ይውላል። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ሐኪም ጋ ሄዶ ማስታገሻና የሕመም ፈቃድ ይዞ ይመለሳል። ፈቃዱ ያልቃል፣ ሕመሙ ግን አላለቀም፤ ሌላ ፈቃድ ይጻፋል። አለቃው አይደውልም። እሱም አይደውልም። ኤምአርአይ የሚባለው የሰውነት ውስጥ ፎቶ ይታዘዝለትና ወረፋ ይጠብቃል። ውጤቱ ሲወጣ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ይሉታል፤ ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ንጣፍ ነው። በዚህ መሀል ሦስት ወር አልፏል። አሁን ችግሩ ወገቡ ብቻ አይደለም። ጎንበስ ማለት ይፈራል። እንቅልፍ አጥቷል። ወደ ሥራው የሚመለስም አይመስለውም።

እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሐኪሙ ፈቃድ ጻፈ። አለቃው ሰውየውን ላለማስጨነቅ ብሎ ዝም አለ። ሠራተኛው የታዘዘውን አደረገ። ግን ነገሩ ሳይከር ማቅለል ይቻልባቸው የነበሩት ሳምንታት ወረፋ ሲጠበቅ አለቁ። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሠራተኞች ቶሎ የጤና ድጋፍ ይሰጥ የሚሉ ባለሙያዎች የሚያወሩት ስለነዚያ ሳምንታት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.71 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የአጥንት፣ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ችግር አለባቸው። ከነዚህ መካከል ትልቁን ቦታ የያዘው የወገብ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ። በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ያድጋል ተብሎ ተገምቷል። ሰውን ከእንቅስቃሴና ከሥራ በማገድ የወገብ ሕመምን የሚያክል ሕመም የለም። ትከሻ፣ አንገት፣ እጅና ጉልበት ሲጨመሩበት ደግሞ ነገሩ ጽዳት ሠራተኛውንም፣ ነርሷንም፣ ሾፌሩንም፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የሚውለውንም ይነካል።

በራሱ የሚሻል ከሆነ ለምን እንቸኩላለን?

ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። ድንገት የሚይዝ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሻላል። አብዛኛው ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ በደንብ ይቀለዋል፤ ማንም ባይነካውም። ታዲያ ራሱን በራሱ በሚያድን ነገር ላይ መቻኮል ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ሁሉም አይሻለውም። ሕመማቸው ወራት የሚዘልቅ ሰዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ሆኖም ከጠቅላላው የሕመም ፈቃድ ቀን፣ ከሕክምና ወጪውና ከካሳ ክፍያው አብዛኛው የሚሄደው ለነሱ ነው። ከሥራ የሚሰናበቱትም፣ ቤተሰባቸው የሚናጋውም እነሱ ናቸው። እነዚህን ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለየት ከተቻለ ትልቁ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ራሱ ሕመሙን ይለውጠዋል። ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል። ሰውየው ጎንበስ ባለ ቁጥር «ይብስብኛል» ብሎ ስለሚሰጋ ሰውነቱን አኮማትሮ መንቀሳቀስ ይለምዳል፤ ይሄ ራሱ ሌላ ሕመም ይጠራል። የነርቭ ሥርዓቱም ለሕመም እየነቃ ይሄዳል። መጀመሪያ የተጎዳው አካል ከዳነ በኋላ እንኳ የሕመሙ ምልክት ላይቆም ይችላል። ከሥራ ቦታው ጋር የነበረው ግንኙነትም ይላላል። ቦታው በሌላ ሰው ይሸፈናል፣ ባልደረቦቹ ያለሱ መሥራት ይለምዳሉ፣ እሱም ተመልሶ «ያው ታማሚው መጣ» መባሉን ይፈራል። ከሥራ የራቀበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ እየጠበበ እንደሚሄድ በዚህ መስክ የሚሠሩ ሁሉ የሚስማሙበት ነው።

እንግዲህ ሕመሙ ከሚያደርሰው ጉዳት የቱ ከራሱ ከወገቡ እንደመጣ፣ የቱ ደግሞ ከመጠበቅ እንደመጣ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ነገሩ ይደባለቃል።

ቶሎ ማለት ብዙ ማለት አይደለም

በኔ እይታ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች «ቶሎ ድጋፍ እንስጥ» ሲባሉ የሚታያቸው ቶሎ ራጅ፣ ቶሎ ኤምአርአይ፣ ቶሎ መርፌ፣ ቶሎ ስፔሻሊስት ነው። ጥሩ የመጀመሪያ ድጋፍ ግን ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። የሚያውቅ ሰው በጊዜ ያየዋል፣ አደገኛ ነገር እንደሌለ ያረጋግጣል፣ በደንብ ያስረዳዋል፣ እንዲንቀሳቀስ ያበረታታዋል፣ ሥራው ለጊዜው የሚስተካከልበትን መንገድ ከአሠሪው ጋር ይፈልጋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም «እንዴት ሆንክ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህ ይሠራል ወይ? ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ የስፔኗ ማድሪድ ሙከራ ሳይሆን አይቀርም። በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የሕመም ፈቃድ የወጡ ከ13 ሺህ በላይ ሠራተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው ወገን ገና በጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ጋ ቀረበ። ሐኪሞቹ ስለ ሕመሙ ያስተምራሉ፣ በተወሰነ የአሠራር ሥርዓት ያክማሉ፣ የፈቃዱንም ጉዳይ ራሳቸው ይከታተላሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም በሁለተኛው ወገን የሕመም ፈቃዱ ርዝማኔ 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ የሆኑት ቁጥር ደግሞ በግማሽ ወረደ። ለፕሮግራሙ የወጣው ገንዘብም ከተቆጠበው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር።

ልብ በሉ፣ እዚያ አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ ማሽንም አልተገዛም። የተለወጠው ሰውየው ባለሙያ ፊት የሚቀርብበት ጊዜና የሚሰማው ነገር ነው።

መጀመሪያ አደገኛውን መለየት

የመጀመሪያው ምርመራ ዋና ተግባር አንድ ነው። አስቸኳይ ሕክምና የሚፈልገውን ከማይፈልገው መለየት። ከብዙ ሰው መካከል በጥቂቱ ላይ ከወገብ ሕመሙ ጀርባ ስብራት፣ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር ወይም የነርቭ መጨናነቅ ይኖራል። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ወይም ሽንቱ አልወጣ ያለው፣ በሁለቱ ጭኖቹ መካከል የደነዘዘ፣ እግሩ እየደከመ የሄደ ሰው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ይህን ለነገ ማለት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት ያመጣል። ትኩሳት ያለው፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት፣ ከከፍታ የወደቀ፣ ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ ሰውም በፍጥነት መመርመር ይኖርበታል።

በቀላሉ የሚታለፍ ሌላ ምድብም አለ። ጠዋት ሲነሳ ጣቶቹ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰሩበት፣ የእጁ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች የሚያብጡበት ሠራተኛ «ሥራ አድክሞህ ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ይህ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። በሽታው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ነው። ምልክቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ መገጣጠሚያው ከመበላሸት የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይሰፋል። እንዲሁም ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ወገቡን የሚያመው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ሲያርፍ የሚብስበትና ሲንቀሳቀስ የሚቀለው ሰው የአከርካሪ ብግነት ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ለእነዚህ ሰዎች ቶሎ የሚባለው በእርግጥም ቶሎ ማከም ነው።

ከነዚህ ውጭ ያለው ብዙኃኑ ነው። ከአሥር የወገብ ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሕመማቸው ከዚህ አጥንት ወይም ከዚያ ዲስክ መጣ ተብሎ በእርግጠኝነት የማይነገርላቸው ናቸው። ይህን መስማት ያበሳጫል። ሰው ሲያመው ምክንያቱን በፎቶ ማየት ይፈልጋል።

ፎቶው ሲያሳስት

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ተመራማሪዎቹ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎችን በኤምአርአይ አነሱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዲስካቸው አብጦ ወጥቶ ተገኘ። ሁሉም ዲስኮቻቸው ደህና የሆኑት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ደግሞ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል የዲስክ እርጅና ምልክት ይታይበታል። በ80 ዓመት ይህ ምልክት የማይታይበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ፀጉር እንደሚሸብት ዲስክም ይሸብታል ማለት ነው።

ታዲያ ያለ በቂ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት ኤምአርአይ የተነሳ ሠራተኛ «ተንሸራቷል»፣ «ተበልቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ምናልባት ያ የታየው ነገር ከአሥር ዓመት በፊትም ነበረ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ሰውየው ወገቡን እንደ ብርጭቆ መያዝ ይጀምራል። ከአደገኛ ምልክት ውጭ ቶሎ ኤምአርአይ የተነሱ ሠራተኞች ከሥራ የሚቀሩበት ጊዜ እንደሚረዝም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ «ኤምአርአይ አያስፈልግህም» ያለ ሐኪም ሁልጊዜ ወጪ የቆጠበ እንዳይመስለን፤ ሰውየውን ከጭንቀት የጠበቀም ሊሆን ይችላል። ያ የሚሠራው ግን ለምን እንደማያስፈልግ ተቀምጦ ሲያስረዳው ነው። «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት ማስረዳት አይደለም። እያመመው ያለ ሰው ምንም የለብህም ሲባል የሚሰማው «ትዋሻለህ» ተብሎ ነው።

እረፍት ስንት ቀን?

ተኝተህ እረፍ የሚለው ምክር ለብዙ ዘመን የታመነ ነበር። ፊንላንዶች ፈተኑት። የሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች የሆኑ 186 ሰዎች ወገባቸውን ሲይዛቸው በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን እንዲተኛ ታዘዘ፣ ሌላው የወገብ እንቅስቃሴ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን እንዲቀጥል ተነገረው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት ሦስተኛው ቡድን ቀድሞ እንዳገገመ አሳየ። የተኛው ቡድን ከሁሉም ዘገየ። የተኛው ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ነው!

ይህ ማለት ሕመምን ረግጦ መሥራት ማለት አይደለም። ልዩነቱ አለ። ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ መራመድ፣ ቀላል ሥራ መሥራት ይጠቅማል፤ ጆንያ መሸከም ግን ለጊዜው ይቆያል። መጠነኛ ሕመም እየተሰማ መንቀሳቀስ ጉዳት እንዳልሆነ መንገር ራሱ ሕክምና ነው።

ማስታገሻስ? ሁሉም ቤት ያለው ፓራሲታሞል እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ከ1,600 በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ነበር። ለድንገተኛ የወገብ ሕመም መድኃኒትነት ከሌለው አስመሳይ ክኒን የተሻለ ነገር አላመጣም። የወሰዱትም ያልወሰዱትም በግምት በ17 ቀን አገገሙ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ጥቂት ይረዳሉ። ግን የጨጓራ፣ የኩላሊትና የልብ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰዳቸው። ጠንካራ የሚባሉት የሞርፊን ዘሮች ለዚህ ሕመም የሚበጁ አይደሉም፤ ሱስ ያስይዛሉ።

ማን ይበልጥ ድጋፍ ይፈልጋል?

አሁን ወደ ጥቂቶቹ እንመለስ። ሕመሙ የሚቆይበትን ሰው ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት እንዴት እንለየዋለን? የሚገርመው፣ በደንብ የሚተነብየው የሕመሙ ቦታ ወይም ፎቶው አይደለም። ሰውየው ስለ ሕመሙ የሚያስበው ነገር ነው። «አይሻለኝም» ብሎ አምኗል? እንቅስቃሴ ይጎዳኛል ብሎ ይፈራል? ተጨንቋል፣ ነገር ዓለሙ አስጠልቶታል? ከወገቡ ሌላ እግሩንም ያመዋል?

እንግሊዝ የሚገኘው ኪል ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ስታርት ባክ የሚባል ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቷል። በሁለት ደቂቃ ይሞላል። መልሱ ሰውን በሦስት ይመድባል። ሥጋቱ ዝቅተኛ የሆነው ጥሩ ምክር አግኝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተጨማሪ ቀጠሮ አያስፈልገውም። መካከለኛው ፊዚዮቴራፒ ይጀምራል። ከፍተኛው ፊዚዮቴራፒው ፍርሃቱንና ጭንቀቱንም የሚነካ ይሆንለታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህ አመዳደብ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ከማከም የተሻለ ውጤት እንዳመጣ፣ ወጪውም እንዳነሰ አሳይቷል።

ከሥራው በኩልም የሚጠየቅ አለ። ከአለቃው ጋር እንዴት ነው? ሥራውን ይወደዋል? እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ሥራቸውን የማይወዱት የወገብ ሕመም ሪፖርት የማድረግ ዕድላቸው ከሌሎቹ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ያነበቡ አንዳንድ አሠሪዎች «እንግዲያማ ሰነፎች ናቸው» ብለው ደመደሙ። በፍጹም አይደለም። አለቃው የሚያመናጭቀው፣ የሥራውን ፍጥነት መቆጣጠር የማይችል ሰው ያው ወገብ ይበልጥ ያመዋል፤ ሲያመው ደግሞ የሚረዳው የለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ክሊኒክ ውስጥ ብቻ አይገኝም።

ሕክምናው ወደ ሥራ ቦታው ሲሄድ

የካናዳዋ ሼርብሩክ ከተማ ይህን በደንብ አሳይታለች። በወገብ ሕመም ከአራት ሳምንት በላይ ከሥራ የቀሩ ሰዎች ተወሰዱ። ለአንዳንዶቹ የሕክምና ድጋፍ ብቻ፣ ለሌሎቹ የሥራ ቦታ ማስተካከያ ብቻ፣ ለሌሎቹ ሁለቱም ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ውጤት እንደሚለው ሁለቱን ያገኙት የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት በ2.4 እጥፍ ፈጥነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚህ ትልቁን ድርሻ ያመጣው ደግሞ የሥራ ቦታው ማስተካከያ ነበር። እንዴት? ሠራተኛው፣ የቅርብ አለቃውና የሥራ ምቹነት ባለሙያ አብረው ቁጭ ብለው የቱ እንቅስቃሴ እንደሚያስቸግር አዩ፤ መፍትሔውንም አብረው ፈለጉ።

ማስተካከያ ሲባል ትልቅ ወጪ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን መደርደሪያውን ከወለል ወደ ወገብ ከፍታ ማምጣት ነው። ከባዱን ካርቶን ለሁለት መክፈል ነው። ሠራተኛዋን በየግማሽ ሰዓቱ ከመቆም ወደ መቀመጥ ማዘዋወር ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው ስክሪኑን ወደ ዓይን ከፍታ ማምጣት፣ ማውሱን ክንድ ሳይዘረጋ እንዲደረስበት ማድረግ ነው። ለማመሳከሪያ፣ አሜሪካኖች ለጭነት ማንሳት የሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት ሁሉም ነገር በተመቸበት ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ አያልፍም። ዕቃው ከሰውነት ሲርቅ፣ ከወለል ሲነሳ ወይም እየተጠማዘዙ ሲያነሱት ይህ ቁጥር በፍጥነት ይወርዳል።

ሌላው መንገድ የሰዓት ቅነሳ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የከፊል ሕመም ፈቃድ ሕጋዊ አድርጋለች፤ ሰውየው በከፊል ይሠራል፣ በከፊል ያርፋል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕመም ፈቃዱ ወረቀት ተለወጠ። ድሮ ሐኪሙ «መሥራት አይችልም» ወይም «ይችላል» ብቻ ነበር የሚለው። አሁን «እነዚህ ከተስተካከሉ ሊሠራ ይችላል» ብሎ መጻፍ ይችላል። ከ2022 ወዲህ ፊዚዮቴራፒስትና ነርስም ወረቀቱን መፈረም ይችላሉ። ትንሽ የቢሮ ለውጥ ይመስላል። ግን ለአሠሪውና ለሠራተኛው የሚነጋገሩበት ነገር ይሰጣቸዋል።

በተቃራኒው ገንዘብ የሚበላ፣ ውጤቱ ግን የማይታይ ነገርም አለ። የወገብ ቀበቶ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ9 ሺህ በላይ የመደብር ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ቀበቶ ማድረግ የወገብ ሕመምን እንደማይቀንስ አሳይቷል። «በጉልበትህ ተቀመጥና አንሳ» የሚለው ስልጠናም ብቻውን ሲሆን እንደዚያው ነው። ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎባቸው ስልጠናው ጉዳትን አልቀነሰም። ዕቃው ያው ከባድ ከሆነ፣ ሩጫውም ያው ሩጫ ከሆነ ምክር ብቻውን ምን ያደርጋል?

እጅና ክንድ የራሳቸው ባሕርይ አላቸው፤ በአጭሩ ልንካው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ጸሐፊዎች ሲጽፍ ቀኑን ሙሉ መቀመጥን፣ እጅን በአንድ ዓይነት መንገድ ማንቀሳቀስንና የአእምሮ ውጥረትን በምክንያትነት አንስቶ ነበር። ሐኪም ታማሚውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ የመከረም እሱ ነው። ዛሬም አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሀል ጣት ሌሊት የሚደነዝዙበት ሰው የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨናንቆበት ሊሆን ይችላል፤ ካርፓል ታነል ይባላል። በጊዜ ከተደረሰበት ሌሊት አንጓውን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ ማሰርና የሥራውን ድግግሞሽ መቀነስ ብዙ ሰው ይረዳል። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ መክሳት ከጀመረ ግን ነርቩ እየተጎዳ ስለሆነ ሐኪም ቶሎ ይየው።

ሠራተኛው ካልተናገረስ?

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ሠራተኛው «አመመኝ» ሲል ነው። ብዙው ግን አይልም። ኮንትራቱ አይታደስልኝም ብሎ ይሰጋል። «ደካማ» እንዳይባል ይጠነቀቃል። የሚናገረው ጭራሽ መሥራት ሲያቅተው ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀው ፕሮግራም የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚናገርን ሰው የሚቀጣ ከሆነ አይሠራም።

እዚህ ላይ የቅርብ አለቃ ድርሻ ከሐኪሙ አያንስም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ አጭር ስልክ ብዙ ይለውጣል። «መቼ ትመጣለህ?» ብሎ ሳይሆን «እንዴት ነህ፣ ስትመለስ ምን እናስተካክልልህ?» ብሎ። የሕመሙን ዝርዝር መጠየቅ የለበትም፤ እሱ በሠራተኛውና በጤና ባለሙያው መካከል የሚቀር ምስጢር ነው። አለቃው ማወቅ ያለበት ሠራተኛው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ብቻ ነው።

የካሳ ጉዳይም አለ። ሕመሙ በሥራ ምክንያት መጣ አልመጣ የሚለው ክርክር ወራት ይፈጃል። ሠራተኛው በዚህ ጊዜ መታመሙን ማስረዳት ስላለበት መሻሉን ለመናገር እንኳ ይቸገራል። በደንብ የተሠሩ ሥርዓቶች ሁለቱን ይለያሉ። ድጋፉ ዛሬ ይጀመራል፤ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ይቀጥላል።

የዕለት ሠራተኛው፣ ለራሱ የሚሠራው፣ የቤት ሠራተኛዋ ግን ሐኪም የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የላቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ቁጥር 161 ስምምነት አገሮች የሥራ ጤና አገልግሎትን ደረጃ በደረጃ ለሁሉም ሠራተኞች እንዲያዳርሱ ይጠይቃል። እነዚህ ሠራተኞች ዛሬም ከዚያ ውጭ ናቸው። ለነሱ የመጀመሪያው ድጋፍ ሊመጣ የሚችለው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው። አንድ ቀን ካልሠራ የማይበላ ሰውን «ሁለት ሳምንት እረፍ» ማለት ትርጉም የለውም። አብረውት ከሚሠሩት ጋር ሥራ እንዲለዋወጥ፣ ሸክሙን እንዲከፋፍል፣ ከባዱን ጠዋት ወዲያው ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሳይሆን ሰውነቱ ከተፍታታ በኋላ እንዲይዝ መምከር ይሻላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ወገብ የያዘው ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው ስለዚህ ያልተነገረው ሠራተኛ በሁለተኛው ጊዜ «ሕክምናው አልሠራም፣ በቃ አለቀልኝ» ይላል። የተነገረው ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አደገኛ ምልክቶቹ መኖር አለመኖራቸውን ያያል፣ መንቀሳቀሱን አያቆምም፣ ለአለቃው በዚያው ቀን ይነግራል፣ ባለፈው ጊዜ የጠቀመውን ማስተካከያ ለአንድ ለሁለት ሳምንት መልሶ ይጠይቃል። ያ ማስተካከያ ባለፈው ጊዜ በወረቀት ተጽፎ፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ቀን ተቆርጦለት ከነበረ ሁለተኛው ዙር ከዜሮ አይጀምርም።